ማኒፎልዱ ሳይዘጋ

ጡረታ የወጣሁት በአንዲት ዳዶ ምክንያት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ "ወገቤ እምቢ ብሎኝ ነው" እላለሁ። ወገቤም አልዋሸም፤ ግን በወገብ ቢሆን ኖሮ ገና ኦክላንድ ሳለሁ ነበር የማቆመው። ያስቆመችኝ የጣቴን ጥፍር የማታክል የብሎን ማሰሪያ ዳዶ ናት። ከመጀመሪያው ካልነገርኩት ነገሩ አይገባምና ከመጀመሪያው ልጀምር።

ዘነበች እባላለሁ። መካኒክ ነኝ፤ "ነበርኩ" ለማለት አፌ ገና አልለመደም። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ሳን ሆዜ ውስጥ ተርቦ ያላቸው መኪናዎች ላይ ማኒፎልድ ስገጥም ነው ያሳለፍኩት። ለማያውቅ ሰው፣ ማኒፎልድ ማለት አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት ባለ ብዙ ቧንቧ አሉሚኒየም ነው። ተርቦው ደግሞ ያንን አየር በጉልበት ይገፋዋል። ፋብሪካው ከመኪናው ጋር የሚሰጠው ማኒፎልድ ሥራ ደርሶ ለመመለስ ይበቃል። ጉልበት የሚወድ ሰው ግን ሌላ ኩባንያ የሠራውን፣ ሆዱ ሰፋ ያለውን ገዝቶ በካርቶን ይዞ ይመጣና "ግጠሙልኝ" ይላል። የምገጥመው እኔ ነበርኩ። በዚህ ሥራ ከእኔ የተሻለ ሰው ቤይ ኤሪያ በሚሉት በዚህ አካባቢ ነበረ የሚል ካለ ያምጣና ያሳየኝ። ጉራ ከመሰላችሁም ይምሰላችሁ፤ ዕድሜ ልኬን ግሪስ ውስጥ የኖርኩት ትሑት ለመባል አይደለም።

አባቴ አዳማ ውስጥ ጋራዥ ነበረው። የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪናዎች ከነአቧራቸው እየገቡ፣ እኔም ካንዴላ እየጠረግሁ አደግሁ። "ይቺን ልጅ ማን ያገባታል" ይሉ የነበሩ ጎረቤቶች ነበሩን። አገባሁም፣ ወለድኩም፣ ግሪሱም ከጥፍሬ ሥር አልወጣም። ዲቪ ደርሶኝ ኦክላንድ ስመጣ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ መሃል ከተማ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት መቁረጥ ነበር። አንድ ቀን አንድ ያገሬ ልጅ ታክሲው አልነሳ ብሎት ስልክ ላይ ይጮሃል። ከቲኬት መቁረጫ ሣጥኔ ወጣሁና ኮፈኖውን አስከፈትኩት። የባትሪው ራስ ላልቶ ነበር፤ በራሱ ፒንሳ አጠበቅሁለትና ተነሳ። ሰውየው አመሰገነኝ፤ ከዚያም ሄዶ መኪናውን ለሚጠግኑለት ለጋሽ ታደለ አወራላቸው።

በማግስቱ ጋሽ ታደለ ራሳቸው መጡ። ቀጭን፣ ረዥም፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። ሰላም እንኳን ሳይሉኝ "እጅሽን አሳዪኝ" አሉ። አሳየኋቸው። ገለበጥ አድርገው የመዳፌን ጠባሳዎች አዩ።

"ይሄ እጅ ነው ቲኬት የሚቆርጠው?" አሉ። "በይ ሰኞ ነዪ።"

ጋራዣቸው ከቴሌግራፍ ጎዳና ወጣ ብሎ ነበር፤ ጠባብ፣ ጣሪያው ዝናብ የሚያስገባ፣ ደንበኞቹ አብዛኞቹ ታክሲዎች። ደሞዙ ከፓርኪንጉ ብዙም አይሻልም። ቢሆንም ሰኞ ሄድኩ፣ ከዚያም ብዙ ሰኞዎች ሄድኩ፤ መካኒክ ያደረገኝ አባቴ ቢሆንም አሜሪካ ውስጥ መካኒክ ያደረጉኝ ጋሽ ታደለ ናቸው።

ሰውየው ልማድ የበዛባቸው ነበሩ። አሮጌ ጓርኒሲዮን ከአሉሚኒየም ላይ ሲላጥ ብረት አያስነኩም። ጓርኒሲዮን በሁለት ብረት መካከል አየር እንዳያመልጥ የሚገባው ስስ ነገር ነው፤ ሲያረጅ ከብረቱ ጋር ይጣበቃል፣ ሰነፍ መካኒክ ደግሞ በካቻቢቴ ይፍቀዋል። ጋሽ ታደለ ራሳቸው የጠረቡት ጠንካራ እንጨት ነበራቸው። በዘይት ያለሰልሱና፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው፣ እንደ ሽንኩርት ቀስ አድርገው ይልጡታል። "ዛሬ የጫርሽው ነገ ያፏጭብሻል" ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ተርቦ ያለው ሞተር በትንሽ ጭረት አየር ካመለጠው ማፏጨቱን አያቆምም።

ሌላው ልማዳቸው፣ ሞተር በባዶ ሆድ አይዘጋም። የራበው ሰው ይቸኩላል ባይ ናቸው። ጿሚ ስለነበሩ ደግሞ በጾም ወራት ሞተር የሚዘጋው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ እሳቸው ቀምሰው ሲመለሱ ብቻ ነው። አንድ ሜክሲኳዊ ደንበኛችን ይህን ለምዶ፣ መኪና ሊያስገባ ሲፈልግ መጀመሪያ ስልክ ደውሎ ጾም ገብቶ እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። ሁዳዴ የሚገባበትን ከእኔ ይልቅ እሱ ነበር የሚያውቀው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጣት ነገር ነው። ማኒፎልድ ሲፈታ ሞተሩ ላይ ያሉት የአየር መግቢያ ቀዳዳዎች አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። ምንም እንዳይገባባቸው ጨርቅ እንወትፋለን። አዲሱ ሊገጠም ሲል ጨርቁ ይወጣል፤ አደጋው ያኔ ነው። ወደዚያ ቀዳዳ የወደቀ ነገር ሞተሩ ሲነሳ ፒስተኒው ጋ ይደርሳል፣ ከደረሰ ደግሞ ሞተር የለም ማለት ነው። ስለዚህ በጋሽ ታደለ ጋራዥ ማንም ይሥራው ማን፣ ከመዝጋቱ በፊት ሌላ ሰው ይጠራል። የተጠራው ሰው ባትሪ እያበራ ያያል፣ ጣቱን በየቀዳዳው ያስገባል፣ ከዚያም ሰው እንዲሰማው አድርጎ "ንጹህ ነው" ይላል። ይህ ካልተባለ አይዘጋም።

አንድ ቀን አንድ ኤሌክትሪሺያን ተርቦ ያለውን መኪናውን ከነአዲስ ማኒፎልዱ አመጣ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሥራ የመጀመሪያው ስለነበር ጋሽ ታደለ ራሳቸው ያዙት። ሲጨርሱ "ዘነበች፣ ጣትሽን አምጪ" አሉኝ። እኔ ደግሞ የተማርኩት ታላቅን በማክበር ነው። ጋሽ ታደለ የሠሩት ላይ ጣት መክተት፣ አባቴ ታጥቦ ሲወጣ አንገቱ ሥር እድፍ ቀርቶ እንደሆነ መፈተሽ መሰለኝ። ጎንበስ አልኩ፣ ባትሪውን ወዲህ ወዲያ አደረግሁና "ንጹህ ነው ጋሼ" አልኩ።

"ጣትሽስ?"

"አይቼዋለሁ ጋሼ።"

የራሳቸውን ጣት አስገቡ። ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ እጃቸው ቆመ። ቀስ ብለው አንዲት ዳዶ አወጡና መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩዋት። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠና "እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት!" አሉ። "ልፈትንሽ ብዬ ነው። ወደቅሽ! እኔ ላይ ያላየሽ ማን ላይ ልታዪ ነው?" ዳዶዋን ሸሚዛቸው ኪስ ከተቷትና እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። ውሃው ለረዥም ጊዜ ሲፈስ እሰማ ነበር። እኔ መኪናው አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ማንም ይሥራው፣ ጣቴን ሳላስገባ "ንጹህ ነው" ብዬ አላውቅም። ጋሽ ታደለም ብዙ አልቆዩም፤ ጋራዡን ሸጠው ሄይዋርድ ከተማ ልጃቸው ጋ ገቡ። እኔም የእሳቸውን እንጨትና የእሳቸውን ደንብ ይዤ ወደ ሳን ሆዜ አለፍኩ።

የሳን ሆዜው ጋራዥ የሊን ነው። ሊን ወላጆቿ ከቬትናም የመጡ፣ እዚሁ የተወለደች፣ ቁጭ ብላ የማትበላ ሴት ናት። የጣቱን ደንብ ስነግራት አልሳቀችም፤ በትልቁ ጽፋ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። "ንጹህ ነው ያለ ሰው ኃላፊ ነው" የምትል መስመር ደግሞ ከራሷ ጨመረችበት። ሥራው ከኦክላንዱ ጋር አይገናኝም። ስሞግ የሚሉትን የመንግሥት የጭስ ምርመራ የሚያሳልፍ የፈቃድ ቁጥር የሌለውን ማኒፎልድ ሊን ከበር ነበር የምትመልሰው፤ በዚህ ብቻ ስንት ጎረምሳ ተቀይሞናል። የተፈቀደው ግን ወደ እኔ ይመጣል።

እንዴት እንደምሠራው ልንገራችሁ፤ ይህን ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። መጀመሪያ የነዳጁን ግፊት አስተነፍሳለሁ፤ ይህን የዘለለ ሰው ፊቱን በቤንዚን ይታጠባል። እያንዳንዷን ቱቦ ከመንቀሌ በፊት ፕላስተር አስሬ ምልክት አደርግባታለሁ፤ "አስታውሰዋለሁ" የሚል መካኒክ አላምንም። የላይኞቹ ዳዶዎች ቀላል ናቸው። የታችኞቹን ግን ዓይን አያገኛቸውም፤ ክንድን እስከ ብብት አስገብቶ በጣት እየዳበሱ ነው። ከካርቶን የወጣው አዲስ ማኒፎልድ ቢያብረቀርቅም ውስጡ የብየዳና የሞረድ ፍርፋሪ አለበት፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥበዋለሁ፣ በአየር አነፋዋለሁ፣ ደግሜ አጥበዋለሁ። ፊቱ ላይ ቀጥ ያለ ብረት አጋድሜ ከኋላው አበራለሁ፤ ብርሃን ካሾለከ ፊቱ ጠማማ ነው፣ ይመለሳል። ሲታሰር ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ በአንድ ዙር ሳይሆን እየተመለሱ ነው። መጨረሻ ላይ ቧንቧውን ደፍኜ አየር እሞላበትና በየመጋጠሚያው የሳሙና ውሃ እቀባለሁ። አረፋ ካልነፋ ደግ ሠርቻለሁ። ሞተሩ ተነስቶ ተርቦው ሲስብ ፉጨት የሌለበትን ድምፅ ስሰማ፣ እውነቴን ነው፣ ደስታዬን የማስቀምጥበት አልነበረኝም።

ብሩክ የመጣው እኔ እዚያ ብዙ ከቆየሁ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጋራዥ የሠራ፣ በዲቪ ከሚስቱና ከትንሽ ልጁ ጋር ዩኒየን ሲቲ የገባ፣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ የሚዘምር ጎልማሳ ነው። እጁ ወርቅ ነው። ጠባዩ ደግሞ ከእጁ ይብሳል፤ እኔ ስገባ ይነሳል፣ ቁልፍ ሲያቀብለኝ በሁለት እጁ ነው። ሊን ገርሟት "ንጉሣዊ ቤተሰብ ነሽ እንዴ?" ብላኛለች። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። በኋላ ግን ያ አክብሮቱ ዋጋ አስከፈለን።

ናታን የሚባል ፍሪሞንት ከተማ የሚኖር ልጅ ነበረ፤ ወላጆቹ ያገራችን ሰዎች ናቸው፣ እሱ እዚህ ነው የተወለደው። አማርኛ ይሰማል፣ መልሱ እንግሊዝኛ ነው። መኪናውን ለብዙ ጊዜ በራሱ እጅ ሲያሰማምር ኖሮ፣ ማኒፎልዱን ግን አልደፈረም። "አንቲ ዘኒ፣ ዩ ዱ ኢት"፣ አንቺው ሥሪው ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። ፈታሁ፣ ላጥኩ፣ አጠብኩ። ጨርቆቹን አወጣሁና ብሩክን ጠራሁት።

አዲሱን ማኒፎልድ ታቅፌ ቆሜ ነበር። ብሩክ መጣ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ጎንበስ አለና "ንጹህ ነው እትዬ" አለ። ዘጋሁት።

ሞተሩ ተነሳ። ናታን ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። ጋዝ ስሰጠው አንድ ጊዜ ቋ አለ፣ ከዚያ ድንጋይ ጣሳ ውስጥ የሚንኳኳ ዓይነት ድምፅ ተከተለ፣ ከዚያም ጠፋ። ስንከፍተው አንድ ዳዶ ገብቶ ቫልቮላውን አጣሞ፣ የፒስተኒውን ራስ ቀጥቅጦ፣ ስባሪው በጭስ መውጫው በኩል የተርቦውን ምላስ በልቶታል። ዳዶው የአሮጌው ማኒፎልድ ነው። የጣልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ የነካው ሰው አልነበረም፣ ያንኑ ሰዓት ለሁሉም ተናገርኩ።

ናታን ደጁ ላይ መሬት ተቀምጦ ነበር። "አንቲ፣ ንጹህ ነው ብላችኋል እኮ" አለኝ። ያን ቀን በአማርኛ ነው የተናገረው። በእንግሊዝኛ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሊን ግድግዳውን አየችና "ንጹህ ነው ያለው ማነው?" አለች። ብሩክ እጁን አወጣ። በእሷ ደንብ ጉዳዩ አለቀ፤ ብሩክ ከዓርብ በኋላ አይመጣም። እሱም አልተከራከረም፤ መፍቻዎቹን መሰብሰብ ጀመረ። ወደ ጓሮ ወሰድኩት።

"ቼክ አድርገሃል?"

"አላደረግኩም።"

"ለምን?"

አንገቱን ደፋ። "እርስዎ የሠሩትን እኔ ማን ነኝና ልፈትሽ እትዬ? እንዴት አድርጌ ጣቴን..." አልጨረሰውም።

ያንኑ ቃል እኔም በልቤ ያልኩበት ቀን ነበረ። ስለዚህ ልቆጣው አልቻልኩም። ሊን ጋ ገባሁና "ዳዶው የእኔ ነው፤ እሱ ከወጣ እኔም ወጣሁ" አልኳት። "ይሄ ሰው አንቺን 'አይደለም' ማለት ካልቻለ ለእኔ አይጠቅመኝም" አለች። "አስተምሪው። አንድ ሞተር ደግሞ ከተበላ ግን አንቺም አታድኚውም።" የናታንን ሞተር እኔና ብሩክ ቅዳሜ ቅዳሜ ተቀምጠን እንደገና ሠራነው። ናታን መኪናውን ሲረከብ እጄን ጨበጠ፤ ፈገግታ ግን ለሌላ ጊዜ አቆየው።

እንግዲህ የብሩክ እንጀራ "አይደለም" በምትል ቃል ላይ ተንጠለጠለ። ማስተማር ደግሞ የማውቀው በአንድ መንገድ ነው፤ ጋሽ ታደለ ባስተማሩኝ። በሚቀጥለው ሥራ አንዲት ዳዶ ሆን ብዬ ቀዳዳ ውስጥ አስቀመጥኩና ጠራሁት። ጣቱን አስገባ፣ እሰየው አልኩ። "ንጹህ ነው እትዬ" አለ። ደሜ ፈላ። ባትሪውን ነጥቄ ሳይ ዳዶዋ የለችም! ወደ ውስጥ ገባች ብዬ ባትሪውን በየቀዳዳው አዞርኩ። ሌሎቹ መካኒኮች ዘወር እስኪሉ ጠብቆ ብሩክ ዳዶዋን ከኪሱ አወጣ።

"አውጥቻታለሁ" አለ በሹክሹክታ። "ሰው ፊት እንዳላሳፍርዎት ብዬ ነው።"

ልስቅ ወይስ ልምታው አላወቅሁም። "ብሩክ፣ አሳፍረኝ!" ብዬ ጮህኩ። "ሊን የምትከፍልህ እኔን እንድታሳፍር ነው! አውጥተህ ብትደብቃት የወደቀች ሌላ እንዳለች በምን አውቃለሁ? ጩህ!"

"እሺ እትዬ።"

"እሺ አትበለኝ፣ 'ንጹህ አይደለም' በለኝ!"

"ንጹህ... አይደለም፣ እትዬ" አለ፤ ብድር የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበረው። መዘምር ነህ ወይስ ምን ነህ ብዬ አሾፍኩበት። እንዲህ እንዲህ እያልን ስንት ወር ቆየን። አንዳንዴ ዳዶ፣ አንዳንዴ የከረሜላ ወረቀት እደብቃለሁ፤ አንዳንዴ ምንም። ድምፁ ቀስ በቀስ ወጣ። ሊን ከቢሮዋ ሆና ቃሏን ለመደቻትና "አይደለም! አይደለም!" እያለች ትቀልድበት ጀመር።

ባለፈው ዓመት አንድ ዓርብ ነው። አንዲት የፍሪሞንት ሴት የተርቦ መኪናዋን አስገባች፤ እንደ ወትሮው ሠራሁት። ያን ቀን የደበቅሁት ነገር አልነበረም። ምሳዬንም በልቻለሁ። ጨርቆቹን አውጥቼ ብሩክን ጠራሁት። ባትሪውን አበራ፣ ጣቱን አስገባ፣ ሦስተኛው ላይ ቆመ።

"ንጹህ አይደለም!" አለ። ጋራዡ በሙሉ ሰማው፤ ሊን በሩ ላይ ወጣች። ብሩክ አንዲት ዳዶ ወደ ላይ ይዞ ይስቃል። "ዛሬስ በደንብ ነው የደበቁብኝ እትዬ! ከታችኛው ጠርዝ ሥር ነው ያገኘኋት!"

አየኋት። የእኔ ናት፤ ከታችኞቹ አንዷ፣ በጣቴ ስፈታ ያመለጠችኝ። ከዚያ በኋላ በባትሪ ተመልክቼ ነበር፣ ምንም አላየሁም። ሁሉም ያዩኛል። ሳላስበው አፌ ተከፈተና "ጎበዝ! እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት" አልኩ። "ልፈትንህ ብዬ ነው።" ዳዶዋን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኳትና እጄን ልታጠብ ሄድኩ።

ውሃው እጄ ላይ ሲፈስ ነው የገባኝ። የተናገርኩት የጋሽ ታደለን ቃል ነው። ኪሱም የእሳቸው ነው፣ ውሃውም። ቧንቧውን መዝጋት አቅቶኝ ቆምኩ።

እሑድ ሄይዋርድ ልጃቸው ቤት ሄድኩ። ጋሽ ታደለ መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ሸሚዛቸው እንደ ድሮው እስከ አንገት ተቆልፏል፣ ዓይናቸው ግን ደክሟል፤ ሰውን የሚለዩት በድምፅ ነው። ልጃቸው ወጥ ቤት እስክትገባ ጠበቅሁ።

"ጋሼ፣ የኤሌክትሪሺያኑን መኪና ያስታውሱታል? ዳዶ አስቀምጠው የፈተኑኝን?"

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እያለቀሱ መስሎኝ ስደነግጥ እየሳቁ ኖሯል። "ይሄን ሁሉ ዘመን ቆይተሽ ዛሬ ነው የምትጠይቂኝ?"

"አስቀምጠዋት ነበር ወይ?"

"ዘነበች፣ የሰው ሞተር ውስጥ ዳዶ የማስቀምጥ እብድ ነኝ? አምልጣኝ ነው። ዓይኔ ያኔ መድከም ጀምሯል። ጣቴ ሲነካት ደነገጥኩ፤ አንቺ ደግሞ ቆመሽ ታይኛለሽ። አፌ ቀደመኝ።"

"እኔ እኮ እርስዎን አይቼ ስንት ዓመት ዳዶ ስደብቅ ኖርኩ!"

"ታዲያ አብደሻል" አሉና እንደገና ሳቁ። የእኔን ነገር ስነግራቸው ሳቃቸው ሳል ሆነና ልጃቸው ውሃ ይዛ መጣች። ጠጥተው ሲረጋጉ ፊታቸው ኮስተር አለ።

"ለልጁ ነገርሽው?"

"አልነገርኩትም። እርስዎስ ለእኔ ነግረውኛል እንዴ?"

"አንቺማ አላገኘሻትም። ያገኘኋት እኔ ነኝ፤ ቁጣው ይገባሽ ነበር። እሱ ግን አግኝቷል። ያገኘውን አትውሰጂበት።"

መንገዱን በሙሉ ይህ ቃል አልለቀቀኝም። ሰኞ ጠዋት ገና ሥራ ሳይጀመር ሁሉንም ጠራሁ፤ ሊንም መጣች። ዳዶዋን ከኪሴ አውጥቼ መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት።

"ብሩክ፣ ይቺን እኔ አላስቀመጥኳትም" አልኩት። "ጥያት ነው። በባትሪ ፈልጌያት አላየኋትም። አፍሬ ነው የዋሸሁህ። ዓይኔ አብቅቷል፤ በዚህ ወር መጨረሻ እወጣለሁ።"

ለሊንም በእንግሊዝኛ ደገምኩላት። ብሩክ "አይ እትዬ፣ ምን ማለትዎ ነው" ብሎ ሊያስተባብልልኝ ሲጀምር አየሁት፤ የልማዱ ነገር ነው። ከዚያ መሃል ላይ አቆመ። ወደ ዳዶዋ ጎንበስ አለ፣ ቀና ብሎም አየኝ። እንደዚያ ቀጥ ብሎ ዓይኔን አይቶኝ አያውቅም ነበር።

"ስለዚህ የእውነት ነው ያገኘኋት?"

"የእውነት ነው።"

"ሞተሩን... እኔ ነኝ ያዳንኩት ማለት ነው?"

"አንተ ነህ።"

ፊቱ በራ። ይህን ያህል ዓመት ስሠራ ብዙ ሞተር ሲነሳ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ጠዋት ግን ደስ ያለኝን ቀን አላስታውስም። ሊን ምን እንዳለ ስትጠይቅ እኔ ልተረጉምላት ስል ቀደመኝና ራሱ በእንግሊዝኛ ነገራት፤ ደግሞ ጮክ ብሎ።

"ዓርብ ማታ ለሚስቴ ፈተና አለፍኩ ብያት ነበር" አለኝ በኋላ፣ ቱታውን እየለበሰ። "ዛሬ ስገባ እነግራታለሁ።" ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ዳዶ አየና እጁን ዘረጋ። አንድ እጁን ብቻ።

"ይስጡኝ እትዬ፣ የእኔ ናት።"

ሰጠሁት።